ስድስተኛው ጨርቅ

ሰዓት ሠሪው ሞቶ የተገኘው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሞ ገዳዩ ማን እንደሆነ ግቢው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ዘበኛው ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ቢኖር ራሱ ዘበኛው ብቻ ነበር።

እሱ ያን ጊዜ በሟቹ በር ላይ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ለነፍሱ አንድ ቃል እያጉተመተመ ቆሞ ነበር። ሰዓት ሠሪው በሥራ ጠረጴዛው ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። ከኋላው በገዛ መዶሻው ተመትቷል። በግድግዳው ላይ አሥራ አንድ ሰዓቶች ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጭ ቀጭ ይላሉ። በጓሮው መስኮት ከብረቶቹ አንዱ ተገዝግዞ ተጣሟል።

ዘበኛው ቀና ሲል የአራት ሰዎች ዓይን እሱ ላይ ነበር።

ግቢው አምስት ቤት አለው። የሚኖሩባቸው ዕድሜ ልካቸውን ሠርተው ጡረታ የወጡ የሩቅ አገር ሰዎች ናቸው። አገራቸው ብርዳም ነው፤ «ለአጥንታችን ፀሐይ ይሻለናል» ብለው መጡ። ፀሐዩንስ አገኙት። እንቅልፋቸውን ግን ካለፈው ዓመት ወዲህ ሌባ ወሰደባቸው። መጀመሪያ የነርሷ የደረት ምልክት ጠፋ፤ ሥራ በጀመረችበት ቀን የተሰጣት ናት። ቀጥሎ የልብስ ሰፊዋ የሟች ባሏ ፎቶግራፍ፤ ቀጥሎ ሁሉም «ኮሎኔሉ» የሚሉት፣ ወታደር ቤት ግን ደጁን እንኳ ረግጦ የማያውቀው የመርከብ ወጥ ቤት፣ የሞተ ውሻው የአንገት ቀበቶ። ከዚያ ሰዓት ሠሪው ከአባቱ የወረሳት የኪስ ሰዓት። የግቢው ሊቀመንበርም «የድሮ የሥራ ባርኔጣዬ ጠፋ» አለ፤ እሱ በዘመኑ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ነበር።

ከየስርቆቱ በኋላ አንድ ነገር ተጨመረ። በአጥሩ ላይ ስባሪ ጠርሙስ፣ በጠርሙሱ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ በየመስኮቱ ብረት። ከዚያም የዘበኛውን ቤት ከሌሎቹ ቤቶች የሚለይ የውስጥ የብረት በር። በመጨረሻ፣ ከስድስት ወር በፊት፣ ጨርቁ መጣ። ሁሉም ብቻውን የሚያድር ስለሆነ፣ ጠዋት ሲነሳ ከፊት ለፊት መስኮቱ ብረት ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ይሰቅላል፤ ደህና አድሬያለሁ ማለት ነው። አመሻሽ ላይ ያወርደዋል። ዘበኛው አንድ ሰዓት ላይ ዞሮ ይቆጥራል። አምስት ከሆነ ደህና ነው፤ ከጎደለ ፊሽካ ይነፋል።

በዚያ ጠዋት አምስት ነበር።

መርማሪዋ አምስት ሰዓት ላይ ደረሰች። ወፍራም፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ደረጃ በወጣች ቁጥር ቆማ የምትተነፍስ ሴት ናት። የሥራ ባልደረቦቿ «ቀስ በቀስ» ይሏታል፤ በፊቷ ባይሆንም። ታውቃለች፤ አልጠላችውም።

«ምን ይጠበቃል?» አለ ኮሎኔሉ ገና ሳትቀመጥ። «ካቴና ይዘሽ ከመጣሽ እጁ ያውልሽ!»

«ካቴናው አይበላሽም ጌታዬ። ይደርሳል» አለችና ወደ ዘበኛው ዞረች። «ቤቶቹን የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ። ይምሩኝ ጋሼ።»

ዘበኛው ከኋላው ሌላ ሰው ያለ መስሎት ዞር አለ። በዚያ ግቢ «እርስዎ» ተብሎ አያውቅም።

መጀመሪያ ወደ ሟቹ ክፍል ገቡ። እሷ ሬሳውን አይታ አማተበች፤ አልጋውን አየች፤ አንሶላው አልተነካም። ወደ ጓሮው መስኮት ሄዳ ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች።

«ከውጭ ዞረው ይዩልኝ። ምንም እንዳይነኩ።»

ዘበኛው ዞሮ አየ። «ብረቱ ተቆርጧል እሜቴ። ሌላ ነገር የለም። የሸረሪት ድር ብቻ ነው ያለው።»

«የት ላይ?»

«ከዳር እስከ ዳር፤ በተቆረጠው በኩል።»

«ተበጥሷል?»

«የለም። አቧራ ለብሷል፤ ዝንብ እንኳ ይዟል።»

መርማሪዋ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት አነሳች። ተጠግኖ፣ ተወልውሎ አልቋል። በክር የታሰረበት ወረቀት ላይ «የሊቀመንበሩ» ይላል።

«አሁን ያሰቡትን ሳይሆን ያዩትን ይንገሩኝ» አለች። «ጠዋት ሲዞሩ ምን አዩ?»

«አምስት ጨርቅ።»

«የእሱስ?»

«ተሰቅሎ ነበር። እንዲያውም…» ዘበኛው አፈረ። «እንዲያውም ‹ዛሬስ አምሮበታል› ብዬ ነበር ያለፍኩት።»

አንገቷን ነቀነቀች። «አንዴ ታስረው ያውቃሉ ይባላል።»

ዘበኛው ባርኔጣውን በእጁ አዞረ። «አንድ ዓመት። ሌላ ሰው በሠራው። እውነቱ ሲወጣ የፈቱኝ ሰዎች ይቅርታ እንኳ አላሉኝም። ያኔ ልጃችን ታማ ነበር፤ አልደረስኩላትም።» ወደ በሩ በኩል እያየም፣ «እሜቴ፣ አሁን ሚስቴ ብቻ ናት ያለችኝ። ማደሪያችንም ያቺ የበር ቤት ናት።»

«ሰማሁ» አለች። ሌላ ማጽናኛ አልሰጠችውም። የሰማች ግን ይመስላል።

ነርሷን ያገኟት እጇን ደጋግማ ስትታጠብ ነው።

«ስብሰባው ላይ ሲቀር ልንጠራው ሄድን፤ እኔ ነኝ መጀመሪያ የነካሁት» አለች። «መንጋጋው ደርቋል። ክንዱ ደርቋል። አርባ ዓመት ሬሳ ገንዣለሁ፤ አንድ ሰዓት ላይ በሕይወት የነበረ ሰው አራት ሰዓት ላይ እንደ ጣውላ አይሆንም።»

«ይህን ለማን ተናገሩ?»

«ለሊቀመንበሩ። ‹እጅሽ ሥራውን ረስቷል፤ ጨርቁ ተሰቅሎ አልነበረም?› አለኝ። እኔም ሳስበው… ሬሳ ጨርቅ አይሰቅልም። ራሴን ጠረጠርኩ።»

«ሌሊት ማን መጣ?»

«እኛ ሌሊት በር አንከፍትም! ሦስት ቁልፍና ሰንሰለት አለኝ። የማውቀው ሰው ካልሆነ መልአክም ቢያንኳኳ አልከፍትም።»

ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ይዛ፣ ሳትሰፋ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ አብጧል።

«ትናንት ከሰዓት መጥቶ ነበር» አለች። «ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ ትናንት ሳቀ። ‹ሰዓቴ አልሞተችም፤ ትተነፍሳለች› አለኝ። ‹ነገ በስብሰባው ባልሽን አመጣልሻለሁ› አለኝ። ፎቶግራፉን ማለቱ ነው። ‹ከየት?› ብለው፣ ‹መጀመሪያ ለወሰደው ሰው በጓዳ ልንገረው፤ ሰው በአደባባይ አይዋረድም› አለኝ።»

መርማሪዋ ዓይኗን ጨፈነች። የተኛች ይመስላል። ከዚያ፣ «ጨርቆቹን የሰፉት እርስዎ ነዎት?»

«ከአንድ አሮጌ መጋረጃ። ስድስት ወጣልኝ። አምስቱን ለአምስታችን፣ ስድስተኛውን አዲስ ነዋሪ ቢመጣ ብዬ ለሊቀመንበሩ ሰጠሁት። እንደ ሌላው ነገር ሁሉ ቆለፈበት።»

«የጠፉት ዕቃዎች ቢሸጡ ምን ያወጣሉ?»

ልብስ ሰፊዋ መራራ ሳቅ ሳቀች። «የባሌን መላጣ ማን ይገዛል?»

«ይገርማል» አለች መርማሪዋ። «ሌባ የሚሸጥ ነገር ይወስዳል። የእናንተው ሌባ የሚያስለቅስ ነገር ነው የሚወስደው።»

ኮሎኔሉ ሳይጠየቅ ጀመረ። «አዎ፣ ተጣልተናል! ሰዓቶቹ እኩለ ቀን ላይ አንድ ላይ ሲጮኹ ሾርባዬ ይርገበገባል። ‹አንድ ቀን በመዶሻ አደቃቸዋለሁ› ብዬዋለሁ። ሰዓቶቹን ነው ያልኩት፤ እሱን አላልኩም!» ወደ ዘበኛው ጣቱን ቀሰረ። «ይልቅ ይሄን ጠይቂው። ይሄ በመርፌ ቀዳዳ የሚሾልክ ነው።»

«በመርፌ ቀዳዳ ቢሾልክም፣ ድር ሳይበጥስ መሹለክ አለበት» አለችው። ኮሎኔሉ አልገባውም፤ ዝም አለ። ለሱ ዝም ማለት ትልቅ ነገር ነው።

የሊቀመንበሩ ቤት እንደ ቢሮ ነው። የየቤቱ መጠባበቂያ ቁልፍ በቁጥር ተሰቅሏል። የድሮ የጣቢያ ፊሽካው በአንገቱ፣ የተረኛ ዝርዝር በግድግዳው ላይ።

«ምን ዓይነት ሥርዓት ነው!» አለች መርማሪዋ እየተነፈሰች።

ሊቀመንበሩ ደረቱን ነፋ። «ጣቢያ ሳስተዳድር አንድ ባቡር አልተሳሳተብኝም። ጡረታ ወጥቼ እዚህ ስመጣ ግን ማንም የማይፈልገኝ ሽማግሌ ነበርኩ። ስርቆቱ ሲጀመር ነው ሁሉም ወደኔ የሮጡት።»

«የውስጡ በርስ?»

«ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት በእጄ እዘጋዋለሁ። ዘበኛውም ሚስቱም ሌሊት አያልፉም። የግቢውን ሰላም በዘበኛ ታማኝነት ላይ አላቆምም።»

ዘበኛው እዚያው ቆሞ ነበር። ሊቀመንበሩ እንደ ወንበር አልፎት ነው የሚናገረው።

«ትናንትስ ተዘግቶ ነበር?»

«ወፍ አላለፈችም፤ እምላለሁ።»

«ጠዋትስ እርስዎ?»

«ከፍቼ አዳራሽ ሄድኩ። ከአሥራ ሁለት ተኩል ጀምሮ እዚያው ነበርኩ። ቁርስም ስብሰባም እዚያ ነው፤ ሦስቱም ይመሰክራሉ። ውጭ የቀረ ሰው…» ወደ ዘበኛው በአገጩ ጠቆመ። «አንድ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ። አሥር ሰዓት ላይ ሁላችሁም አዳራሽ እንገናኝ።»

ዘበኛው ውሃ ሊጠጣ ወደ በር ቤቱ ሄደ። ሚስቱ የግቢውን ልብስ የምታጥብ ናት። እንደወትሮው የልብስ ውሃ ጥዳ እሳቱ ይነዳል፤ እሷ ግን አልጋው ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቅፋለች።

«ምን ሆነሻል?»

«አንተ ሰው፣ በሩን ዝጋው።»

ዘጋው። ከፍራሹ ሥር እርጥብ ጨርቅ አወጣች። ሰማያዊ ነበር ቢባል ይሻላል፤ ፀሐይ በልታው ነጣ ብሏል፤ በአንዱ ጥግ የማሽን ዘይት ጥቁር አድርጎታል።

«የሱ ነው» አለች። «ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰጠኝ። ‹ዘይት ደፋሁበት፤ በማለዳ አድርሺልኝ፣ አለበለዚያ ባልሽ ሞተሃል ብሎ ፊሽካ ይነፋብኛል› ብሎ ቀለደ። ጠዋት በሩ ሲከፈት ይዤ ሄድኩ። ጨርቅ ተሰቅሏል! ሌላ አገኘ ብዬ ተመለስኩ።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ? ደግሞስ የሟች ዕቃ ከኛ ፍራሽ ሥር ቢያገኙ ምን ይላሉ? ያኔም እኮ በአንድ ብርድ ልብስ ሰበብ ነው የወሰዱህ!» ጨርቁን ወደ እሳቱ አስጠጋች። «ላቃጥለው።»

ዘበኛው እጇን ያዘ። በጭንቅላቱ ውስጥ ጠዋት ያየው ጨርቅ መጣ፤ ደማቅ፣ የእጥፋት መስመር ያለበት። አምሮበታል ብሎ ነበር። ለስድስት ወር ፀሐይ ላይ የዋለ ጨርቅ በአንድ ሌሊት አያምርም።

ያም ሆኖ እጇን አልለቀቀም፤ ጨርቁንም አልነጠቀም። ደግሞ ቢታሰርስ? ባል በሌለበት ይህችን ሴት ከዚህች ክፍል ማን አያስወጣትም? እውነት ተናግሮ ያተረፈበትን ቀን ሊያስታውስ ሞከረ፤ አንድም አልመጣለትም።

«አምላኬ» አለ በመጨረሻ፤ ለሚስቱ ሳይሆን። ጨርቁን ወስዶ በሸሚዙ ውስጥ ከተተው። እርጥበቱ እስከ አጥንቱ ቀዘቀዘው።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተቀመጡ። መርማሪዋ ያስጠራችው ፖሊስ በሩ ላይ ነው። ከዘበኛው በቀር ሁሉም ጨርቁን እንዲያመጣ በመርማሪዋ ታዞ ነበር።

«እኔ ብዙ መናገር አልወድም፤ ያደክመኛል» ብላ ጀመረች። «ሌባ በጓሮ መስኮት ገባ ተባለ። ብረቱ ተቆርጧል፤ የሸረሪቷ ድር ግን እንዳለ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል፤ ይሄኛው ብቻውን አንድ ሰው ፈታ። በመስኮቱ ማንም አልገባም። ብረቱን የቆረጠው ውስጥ የነበረ ሰው ነው። ውስጥ እንዴት ገባ? ሰዓት ሠሪው ራሱ ከፈተለት፤ ያውቀዋል።»

«ዘበኛውንም ያውቀዋል!» አለ ኮሎኔሉ።

«ይቆዩኝ። ነርሷ ሬሳው ደርቋል ብላለች። አልጋው አልተተኛበትም። ሰውየው የሞተው ትናንት ምሽት ነው።»

«ጨርቁስ?» አለ ሊቀመንበሩ በእርጋታ። «ጠዋት ጨርቅ የሰቀለው መንፈስ ነው?»

«ወደሱ ልመጣ ነው። እስቲ ጨርቆቻችሁን ጠረጴዛው ላይ ዘርጉ።»

ነርሷ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ኮሎኔሉና ሊቀመንበሩ ዘረጉ። አራቱም ነጣ ያሉ ናቸው። መርማሪዋ ከሟቹ መስኮት ያወረደችውን አምስተኛ አድርጋ አኖረች። ከጎናቸው እንደ ጥርት ያለ ሰማይ ደመቀ። መሐሉ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው የእጥፋት መስመር አለ።

ልብስ ሰፊዋ አፏን በእጇ ያዘች። «ይሄ ፀሐይ አላየም።»

«አላየም። ለስድስት ወር ታጥፎ ጨለማ ውስጥ ነበር። የሟቹ የራሱ ጨርቅ ግን የት ሄደ? ቤቱን ፈትሼ አጣሁት።»

ዘበኛው ፖሊሱን አየ፤ ካቴናውን አየ። ከዚያ ሸሚዙን ከፍቶ እርጥቡን ጨርቅ አወጣ።

«ይኸው!» ኮሎኔሉ ብድግ አለ። «ሰረቀው! በገዛ እጁ አወጣው!»

«ይቀመጡ!» አለች መርማሪዋ፤ ድምጿ እንዲያ ሊወጣ እንደሚችል ማንም አልጠረጠረም። «ጋሼ፣ ይናገሩ።»

ዘበኛው ተናገረ። ሚስቱ ከደጅ ገብታ እያለቀሰች ያልተናገረውን ሞላችለት። መርማሪዋ በዘይት የቆሸሸውን ጥግ ልብስ ሰፊዋን አስነካቻት።

«የኔ ስፌት ነው። የሱ ነው» አለች።

«እንግዲህ ስድስት ሆኑ። አምስቱ ነዋሪዎች የየራሳቸው አላቸው። ደማቁ ስድስተኛው ነው። ገዳዩ የሟቹን ጨርቅ ፈልጎ አጣ፤ ለእጥበት መሰጠቱን ከየት ይወቅ? እናም ሌላ ሰቀለ። ለምን ሰቀለ? ሞቱ የጠዋት እንዲመስል። ምሽት ከሆነማ የውስጡ በር ዝግ ነው፤ ዘበኛው ከውጭ ነው፤ ወፍ አታልፍም። ጥፋቱ ከአራታችሁ አይወጣም። ጠዋት ከሆነ ግን እናንተ እዚህ አንድ ላይ ናችሁ፣ ዘበኛው ብቻውን ነው።» ወደ ሊቀመንበሩ ዞረች። «ስድስተኛው ጨርቅ በእርስዎ ቁም ሣጥን ነው የተቆለፈው። ያምጡልኝ።»

ሊቀመንበሩ አልተነሳም። እጁ ፊሽካው ላይ ሄደ።

«ቁልፉ ከእኔ በቀር በማንም እጅ የለም» አለ፤ ከልማዱ የተነሳ፣ በኩራት። ከዚያ ራሱ የተናገረውን ሰማ።

«ባልደረቦቼ ቤትዎን እየፈተሹልኝ ነው» አለች ዝግ ብላ። «የግድግዳ ሰዓትዎን ሊያወርድ ትናንት መጥቶ ነበር፤ አይደል? ዝም ባለ ቤት ውስጥ ሌላ ሰዓት ሲመታ ሰማ። የአባቱን ሰዓት ምት እንደ ልጁ ሳል ይለየዋል። ‹ትተነፍሳለች› ያለው ለዚህ ነው። ግን የኪስ ሰዓት በየቀኑ ካልሞሏት ትቆማለች።»

«እሞላት ነበር» አለ ሊቀመንበሩ። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስላል። «እንድትበላሽ አልፈለግኩም። ምንም አላበላሸሁም። ሁሉንም በጥጥ ጠቅልዬ…»

«ባሌን?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ማታ ቤቱ ሄድኩ። ‹ነገ ራስህ ተናገር፤ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ› አለኝ። ያን ያህል ደግ ባይሆን ኖሮ… ጀርባውን አዞረና ሰዓቴን ያሳየኝ ጀመር፤ ጠግኜልሃለሁ እያለ።» ዓይኑን አዞረባቸው። «እኔ ባልኖር ማን ይጠብቃችሁ ነበር? እ? ማን?»

ፖሊሱ ካቴናውን ሲያስገባለት ኮሎኔሉ መሬት መሬት ያይ ነበር።

መርማሪዋ ልትወጣ ስትል ዘበኛው አጠገብ ቆመች። «ጨርቁን ባያመጡት ኖሮ» አለችው፣ «ደማቅ መሆኑ ብቻውን አይበቃኝም ነበር። ‹ቀይሮት ይሆናል› ይሉኝ ነበር።» ጉልበቷን እያሻሸች ደረጃውን ወረደች።

በማግስቱ አንድ ሰዓት ላይ ዘበኛው እንደ ልማዱ ዞረ። ሦስት ቆጠረ። የሰዓት ሠሪው መስኮት ባዶ ነው፤ ውስጥ ግን ያልቆሙት ሰዓቶች ገና ይመታሉ። ኮሎኔሉ ከበረንዳው አይቶት ሳል አደረገ፣ የሚናገር መሰለ፣ ገባ። ይቅርታ የሚባለው ቃል በዚያም ግቢ አልተገኘም።

ወደ በር ቤቱ ሲመለስ ልብስ ሰፊዋ ደጃፉ ላይ ቆማ አገኛት። በእጇ ነጭ ጨርቅ አለ፤ ዳሩ ዙሪያውን ተሰፍቷል።

«ሰማያዊው አልቋል» አለች። «ከራሴ አንሶላ ነው። ስድስተኛውን ስቆርጥ ለሚመጣ እንግዳ ብዬ ነበር። በሩ ላይ ያላችሁትን አልቆጠርኳችሁም።»

ዘበኛው ጨርቁን ተቀብሎ አገላበጠው። «እሜቴ፣ የኛን ማን ያየዋል? የሚዞረው እኔ ነኝ።»

ልብስ ሰፊዋ መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች።

«እኔ እመጣለሁ» አለች። «ቀስ ብዬ ነው የምራመደው። ግን እመጣለሁ።»

እስክትርቅ ጠብቆ ጨርቁን መስኮቱ ላይ ሰቀለው። ሚስቱ «ደግሞ ቢያስወጡን» ብላ ሌሊቱን ያሰረችው ጓዝ ከበሩ ኋላ ተቀምጧል። አየው፤ አየችው። አልፈቱትም።